ፊዚክስን ሸሽቼ ሶሻል ልግባ?

ጥያቄሽን ለሌሎችም በአጭሩ ላስቀምጠው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ፤ ባዮሎጂ ትወጃለሽ፤ ነርስ መሆን ትመኛለሽ። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን ሆድሽ ይገለባበጣል። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ ስትሳሳቺ ክፍሉ ሳቀብሽ፤ ከዚያ ወዲህ እጅሽን አውጥተሽ አታውቂም። አሁን «ለ11ኛ ክፍል ሶሻል ብመርጥ አይሻልም?» ትያለሽ።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኒውተን ሕግም ሆነ ስለ ኤሌክትሪክ አንዲት ቅሬታ የለችበትም። ያለው ሰሌዳው፣ ሳቁና ዝምታሽ ነው። እንግዲህ ያፈርሽው በክፍሉ ፊት ነው፤ ፊዚክሱ ገና አልተጠየቀም።

ራይንሃርድ ፔክሩን የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ንድፈ ሐሳብ፣ ተማሪ በትምህርት ላይ የሚሰማው ስሜት በሁለት ነገር ይወሰናል ይላል፦ «እችለዋለሁ ወይ?» እና «ለእኔ ምኔ ነው?»። የምንፈልገውን ነገር የማንችለው ሲመስለን እንጨነቃለን። ግድ የሌለው ልጅ አይጨነቅም፤ ያዛጋል። አንቺ አላዛጋሽም።

«እችለዋለሁ ወይ?» የሚለውን ግን መፈተሽ ይቻላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ፊዚክስ ከበደን የሚሉ ብዙ ልጆች የከበዳቸው ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ዛሬ ማታ የተሳሳትሽውን አንድ ጥያቄ በአማርኛ ለቤተሰብሽ አስረጂ። ከተሳካልሽ የሚቀርሽ እንግሊዝኛው ነው። መሃል ላይ ከተያዝሽ ደግሞ ቦታውን ምልክት አድርጊበትና መምህርሽን ከክፍል ውጭ ያንን ብቻ ጠይቂ። «ፊዚክስ አልገባኝም» ለምትል ልጅ መምህር ምን ብሎ ይመልሳል? «እዚህ ጋ ማይነሱ ከየት መጣ?» ካልሽው ግን በሁለት ደቂቃ ያሳይሻል።

በነገራችን ላይ፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ጭንቀትን ወረቀት ላይ መጻፍ ውጤት ያሻሽላል የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ ነበር። እኔም ለብዙ ተማሪ መክሬበታለሁ። ሌሎች ተመራማሪዎች በድጋሚ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ውጤት ግን ያው ለውጥ አልታየም። ቀለል የሚልሽ ከሆነ ጻፊ፤ የጥናት ሰዓትሽን ግን አትስጪው።

ሶሻልን በተመለከተ፣ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ወደሽ ብትገቢ እሰየው፤ እዚያም ቢሆን ሒሳብ ይጠብቅሻል። በዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ መማር ከፈለግሽ ግን መንገዱ በናቹራል ነው። ደግሞስ የደም ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲለካ፣ ግሉኮሱ ከበሽተኛው አልጋ ከፍ ብሎ ሲሰቀል፣ ከፊዚክስ መጽሐፍሽ የፈሳሽ ግፊት ምዕራፍ ምን ይለየዋል? የምትሸሺው ትምህርት የምትመኚው ሥራ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

ምርጫ እስክትሞዪ ጊዜ አለሽ። ለሦስት ሳምንት የተያዝሽባቸውን ቦታዎች እየመዘገብሽ ዝርዝሩን ላኪልኝ። ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለውን ያንን ይዘን እናወራለን።