ሰብለወንጌልም ውድነሽም አሉበት

እህቴ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው ወይስ የሴቶችን ኑሮም ያሳያል ብለሽ ለጠየቅሽው፣ በደንብ ያሳያል። ሰብለወንጌልን ሳታገባ ያስቀራት የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። የሚመጥናት ባል የለም እየተባለ ዕድሜዋ ሄደ። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አስተማሪዋን በዛብህን ወደደች፤ ኋላም መነኩሴ መስላ እሱን ፍለጋ ወጣች።

እኔን ይበልጥ የምትነካኝ ግን የበዛብህ እናት ውድነሽ ናት። ባሎቿ ስለሞቱባት ሰው ይሸሻት ነበር። አንጀት ትበላለች! አንባቢ ሁሉ ስለ ሁለቱ ፍቅረኞች እያወራ እሷን ሲረሳት ያናድደኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ነው ያሳተሙት፤ ዛሬም ቤታችን ያለ ጉዳይ ነው።

ውፍረቱ አያስፈራሽ። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያሉ መጽሐፍ ሻጮችን ጠይቂ፤ ካልሆነ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ገብተሽ አንብቢው።