የቮልሴ ሞተር ይውረድ ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም፣ ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ጉልበትም የላትም፣ ጋራዥ ሞተሩ ይውረድ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቆይ የኔ ወንድም አትቸኩል! መጀመሪያ ካንዴላዋን (ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለዋን) ፍታና ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ላይ ላሉት የቮልስ ልጆች አሳያቸው፣ እኔን ያዳኑኝ እነሱ ናቸው። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፣ ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የኔን አንድ የማላውቀው ልጅ ፎቶውን አይቶ ነው የነገረኝ፣ ቅዳሜ ቤቴ ድረስ መጥቶ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ በጠባብ ቀየረልኝ፣ ሻይ እንኳ በግድ ነው የጠጣው። የካንዴላዋን ጫፍ ዘይት ከነካው ግን ሞተሩ ይታይ። ደግሞ እየነዳህ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ከበራች ወዲያው ቁም፣ ቺንጋው (ዲናሞውንና ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ ከሆነ ማቀዝቀዣውም አብሮ ቆሟል።