የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች? እና ሌሎች የወፍ ፎቶ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ወፍ ፎቶ የላካችሁልኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ክረምቱ ወጣ ሲል ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ሜዳው ይለመልማል፣ ወፉ ይበዛል፣ ካሜራ ያለውም የሌለውም ቀና ብሎ ማየት ይጀምራል። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

የመስቀል ወፍ ከመስከረም ውጭ ለምን አትታይም? የት ነው የምትሄደው? ፎቶ ላነሳት ብፈልግስ? (ከሱሉልታ)

የትም አትሄድም። እዚያው እናንተ ሜዳ ላይ ናት።

የመስቀል ወፍ የሚባለው እንደየአካባቢው ይለያያል። ብዙ ሰው ግን በዚያ ስም የሚጠራው፣ በመስከረም ረጅም ሣር ላይ የሚታዩትን ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሆኑ ትንንሽ ወፎች ነው። እነዚህ ወንዶቹ ናቸው። ክረምት ሲገባ ተራውን ላባቸውን ያራግፉና የሠርግ ልብሳቸውን ይለብሳሉ። ጊዜው የጎጆና የጫጩት ጊዜ ነው፤ ሣሩ አድጎ ጎጆ መደበቂያ ይሆናል፣ ለጫጩት የሚሆን ነፍሳትም ይበዛል። ወቅቱ ሲያልፍ ወንዱ ደማቁን ላባ ይጥልና እንደ ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናል። ያኔ ከድንቢጥ ለመለየት እንኳን ያስቸግራል። በጥር ውድማ ዳር እህል ሲለቅሙ ከምታዩዋቸው ቡናማ ወፎች መሃል መስከረም ላይ ያደነቃችኋቸው ይኖራሉ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ናቸው፣ የምናያቸው ግን ቀለም ሲለብሱ ብቻ።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ወፏን አታሳዷት። ወንዱ የራሱ ክልል አለው። አንድ ረዘም ያለ የሣር ዘንግ ይመርጥና እዚያ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ወንድ ሲጠጋ ተነስቶ ያባርረዋል፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ዘንግ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። የትኛው ዘንግ ላይ እንደሚመላለስ ስታውቁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ፎከሱን ዘንጉ ላይ አድርጉና ጠብቁ። መሬት ላይ መቀመጥ ይሻላል። ሌንሱ ከወፉ ዓይን ጋር እኩል ሲሆን ከኋላ ያለው ሣር ደብዝዞ አረንጓዴ ብቻ ይሆንላችኋል። አንዳንዱ ወንድ የወገቡን ላባ ነፍቶ፣ ክብ ሆኖ፣ በዝግታ ከሣሩ በላይ ይበራል። ያንን ለማንሳት የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ ከዘገየ ክንፉ ይደበዝዛል።

አንድ አደራ። ሣሩ ውስጥ ገብታችሁ አትርገጡ። ጎጆው ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ሄጄ አባ ኮዳዎችን አነሳሁ። ሁሉም ጥቁር ጥላ ሆነው ወጡ። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐዋሳ)

ካሜራህ ጤነኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው የሄድከው አይደል? ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ስትዞር ፀሐይዋን ፊት ለፊት ታገኛታለህ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂድ። ፀሐይ ከጀርባህ ትሆናለች፣ ብርሃኑም ለስላሳ ነው፣ የዓሣ ጀልባዎችም ያኔ ስለሚመለሱ ወፎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ሌላው ነገር፣ ካሜራ የሚያብረቀርቅ ውሃ ሲያይ ይታለላል። ብርሃን በዛ ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በአንድ ደረጃ ከፍ አድርግ። በስልክ ከሆነ ወፉን በጣትህ ነካ አድርግና የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ ሳባት። ነጭ ወፍ ከጨለማ ቅጠል ፊት ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አድርግ።

ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ አባ ኮዳውን ብቻ አታንሳ። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ሊያልፍ የሚችል ወፍ ስለሆነ ትልቅነቱ ዓይን ይይዛል፤ እኔ ግን እግሩን ቀረብ አድርገህ እንድታነሳው እፈልጋለሁ። ነጭ ይመስላል፣ በተፈጥሮው ግን ጠቆር ያለ ነው። ሲሞቀው እግሩ ላይ ኩሱን ይጥላል። እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል፣ የደረቀው ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አስቀያሚ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። የሐዋሳን የዓሣ ገበያ ትርፍራፊ ከሚያጸዱት አንዱ እሱ ነው።

ካሜራ ይዤ ዛፍ ስር ስቆም ጥበቃ መጥቶ ይጠይቀኛል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

ከመጀመርህ በፊት አንተው ሂድና ሰላም በለው። ወፍ እንደምታነሳ ንገረው፣ አንድ ሁለት ፎቶ አሳየው። ሌንሱን ወደ መንግሥት ተቋምና ወደ ወታደራዊ ቦታ አታዙር፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሳታስፈቅድ አታንሳ። እንጦጦ ወይም ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ለጀማሪ ይመቻል።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ወፍ በስልክ ይነሳል እንዴ? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

ይነሳል። በጣትሽ እየሳብሽ ማጉላቱን ብቻ ተዪው፤ ፎቶው ይፈረካከሳል። ወፏ ትንሽ ትሁን፣ ያለችበትን ቦታ አብረሽ አሳይን። ማለዳ ሽቦ ላይ የተደረደሩ ወፎች፣ ልኳንዳ ቤት በላይ የሚዞር ጭልፊት፣ ዝናብ ያቆረው ኩሬ ውስጥ የምትታጠብ ድንቢጥ ለስልክ ይበቃሉ። ባይኖኩላር የሚያውስሽ ካለ የስልኩን ካሜራ በአንደኛው ዓይኑ ላይ ለጥፈሽ ሞክሪ። እጅ ይለምደዋል።

ጣራ ላይ ያለችውን ግራጫ ርግብም እያት። ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ካለ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ወፍ ናት። ብዙ የውጭ ሰው እሷን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ አንቺ ከበራፍሽ ታገኛታለሽ።

ዋኔ የማድቤቴ መስኮት ላይ ጎጆ ሠርታ ሁለት እንቁላል ጥላለች። ልጆቼ ፎቶ ካላነሳን ይላሉ። ትሸሽብኝ ይሆን? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

እንኳን ደስ አለዎት። ልጆቹ ትልቅ ነገር ሊያዩ ነው። እንቁላሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይታቀፋል፤ እናትና አባት ይፈራረቃሉ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የመጀመሪያ ምግባቸው ወላጆቹ ጉሮሯቸው ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ የሚያዘጋጁት ወተት መሰል ነገር ነው። አባትየውም ያጠባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መስኮቱን አይክፈቱት። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከውስጥ፣ መብራት አጥፍታችሁ አንሱ። ፍላሽ አይሁን። አጠር ያለ ጊዜ፣ በቀን አንዴ። ወፏ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ድርቅ ካለች ፈርታለች ማለት ነው፤ ያኔ ልጆቹን ቀስ ብለው ያርቋቸው። በተለይ እንቁላሉን በታቀፈችባቸው የመጀመሪያ ቀናት ከተረበሸች ትታው ልትሄድ ትችላለች። ጫጩቶቹ ላባ ካወጡ በኋላ ደግሞ ጨርሶ አትጠጉ። ደንግጠው ሳይችሉ ዘለው ይወድቃሉ።

በረዶ ሲጥል መስኮታችን ላይ ቀይ ወፍ ይመጣል። ልጄ ስሙን ጠይቃኝ አላወቅኩትም። (አባት፣ ከሜሪላንድ)

ካርዲናል ነው። ወንዱ ቀይ፣ ሴቷ ቡናማ ሆና ምንቃሯ ብርቱካናማ ናት። ክረምት ሲመጣ ወደ ደቡብ አይሰደድም፣ ለዚህ ነው በረዶው ላይ የምታዩት። እንደ መስቀል ወፍም ቀለሙን አይጥልም፤ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነው። የሱፍ ፍሬ ብታስቀምጡለት ይለምዳችኋል። ሴቷን ልጅህ ራሷ ፈልጋ እንድታገኛት ተዋት። ድምፁን ለመለየት ደግሞ ሜርሊን የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ መተግበሪያ ጫን፤ ስልኩን ወደ መስኮቱ ስታዞሩት የሚዘምረውን ወፍ ስም ይነግራችኋል።