መልስ፦ የሐኪሙ አባቴ የሕይወት ታሪክ የሥራ ማመልከቻ መሰለብኝ

ከምርቃቱ አትጀምሪ፤ ቤት ውስጥ ከምታውቂው አባትሽ ጀምሪ። «ሐኪምም መምህርም ነበር፤ ለአርባው የጻፍኩት ግን የሥራ ማመልከቻ መሰለ» ያልሽው ዓመቶቹን ከፊት ስለደረደርሽ ነው።

1. አንድ ምሽት ምረጪ። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ሲያድር ማለዳ ምን መስሎ ይመጣ ነበር? መጀመሪያ ማንን ይጠራ ነበር? እሱን ጻፊ።

2. ካስተማራቸው ሐኪሞች ለሁለቱ ደውዪና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ሲያስተምር ምን ይላቸው ነበር? ስለ ታታሪነቱ ከጠየቅሽማ «በጣም ታታሪ ነበር» ብለው ዝም ነው የሚሉሽ። የታካሚ ስም ግን እንዳታስገቢ።

3. ትምህርቱንና ሹመቱን በአንድ አንቀጽ ጨርሺው።

ከደረሰብኝ ልንገርሽ፦ ዘመን አቆጣጠሩን ተጠንቀቂ። የአጎቴን ስጽፍ ልደቱን በፈረንጅ 1940፣ ምርቃቱን በኛ 1958 አድርጌ ሳላስተውል አነበብኩት። በ18 ዓመቱ ሐኪም ሆነ ማለት ነው! ለቅሶኛው እርስ በርስ ሲተያይ ነው የነቃሁት፤ እውነቱ 26 ነበር።

ውጭ የተማረ ሰው ወረቀቱ ሁሉ በፈረንጅ ዘመን ነው፤ ወደኛ ለመመለስ ከፈረንጁ ዓመት ትቀንሻለሽ። ለምሳሌ ቀዶ ሐኪሙና መምህሩ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ያረፉት በግንቦት 1991 ነው፤ በፈረንጅ 1999። ግንቦት ስለሆነ ልዩነቱ 8 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ከሆነ ግን 7 ነው የምትቀንሺው፤ ስለዚህ ወሩን ሳታዪ አትቀንሺ።