የማርሽ እጀታ ሲላላ ካምቢዮ መውረድ አለበትን?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ቮልስዋገን ቢትል አለችኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ የማርሿ እጀታ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሁለተኛ ማርሽ ስፈልግ አንዳንዴ የኋላ ማርሹን ይነካል፤ ከኮምቦልቻ ተነስቼ የሐረጎን ዳገት ስወጣም እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። ያየልኝ መካኒክ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ መፈታት አለበት ብሎኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ቡሿ (የማርሹ ዘንግ ማቀፊያ) አልቃ ነው፤ ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) አስቀርጽ» ይለኛል። የማንን ልስማ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አብሽሩ፤ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ስንነሳ ጓደኛዎ ወደ እውነቱ የቀረቡ ይመስለናል፤ በቶርኖው ጉዳይ ግን የምንለው አለን። የቮልስዋገን ሞተርና ካምቢዮ ከኋላ ስለሆኑ፣ ከእጀታው እስከ ካምቢዮው ድረስ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ቦይ ውስጥ አንድ ረጅም ዘንግ ተዘርግቷል። ይህ ዘንግ ከእጀታው አጠገብ የሚያርፈው በአንዲት የናይለን ቡሽ ውስጥ ነው፤ በኋላ በኩል ደግሞ ጎማ ያለበት መጋጠሚያ ከካምቢዮው ጋር ያገናኘዋል። ቡሿ ስታልቅ ዘንጉ በማረፊያው ውስጥ ስለሚዋልል፣ እጁ ያዘዘውና ካምቢዮው የሚደርሰው እንቅስቃሴ አንድ አይሆንም። የኋላ ማርሽ የሚገባው እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራ ገፍቶ፣ ወደ ኋላ በመሳብ ስለሆነና ቦታውም ከሁለተኛው ጎን ስለሆነ፣ ሁለቱ መደነጋገራቸው የሚያስገርም አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ራስዎ ይፈትሹ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማዋን በድንጋይ አስደግፈው የኋላ መቀመጫውን ያንሱ። ባትሪው እዚያው ከመቀመጫው ሥር ስለሚገኝ በቅድሚያ የኔጋቲቩን ገመድ ይፍቱ። በቦዩ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ስትነሳ መጋጠሚያው ይታያል። ሌላ ሰው እጀታውን ቀስ አድርጎ ሲያንቀሳቅስ እርስዎ መጋጠሚያውን ይመልከቱ፤ እጀታው እየሄደ ዘንጉ ዝም ካለ ጥፋቱ በፊት በኩል፣ ማለትም በቡሿ ወይም በእጀታው ሥር ነው፤ ከመጋጠሚያው በእጀታው በኩል ያለው ዞሮ በካምቢዮው በኩል ያለው ከዘገየ መጋጠሚያው አልቋል፤ ሁሉም አብረው እየታዘዙ ማርሹ የሚዘል ከሆነ ያን ጊዜ የካምቢዮው ነገር ይታሰባል። ይህን ሳያዩ ካምቢዮ ማስወረድ፣ በእኛ አስተያየት፣ ቅደም ተከተሉን የሳተ ሥራ ነው።

ቡሿን ለመቀየር እጀታውን የያዙት ሁለት ብሎኖች በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ከእጀታው ሥር የምትገኘው ጠፍጣፋ ብረት እጅ ሳይጫን የኋላ ማርሽ እንዳይገባ የምትከለክል ናት፤ ተገልብጣ ከተመለሰች ማርሽ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ከማንሳትዎ በፊት የትኛው ፊቷ ወደ ላይ፣ የትኛው ጠርዟ ወደ ቀኝ እንደሆነ በኖራ ምልክት ያድርጉባት። ከዚያም በመጋጠሚያው ላይ ያለው፣ ራሱ አራት ማዕዘን የሆነውና በቀጭን ሽቦ የታሰረው ብሎን ተፈትቶ ዘንጉ ከማረፊያው እንዲለቅ ይደረጋል። የአሮጌዋ ቡሽ ስብርባሪ በቦዩ ውስጥ እንዳይቀር በረጅም ፒንሳ ይልቀሙት። አዲሷን በሙቅ ውሃ ጥቂት ካቆዩዋት ለስልሳ በቀላሉ ትገባለች፤ የምትይዛት የሽቦ ቀለበት በትክክል መቀመጧን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ቡሿንና የእጀታውን ድቡልቡል ጫፍ ግሪስ ሳይሰስቱ ይቀቡ።

ስለ ቶርኖው፦ ከነሐስ የተቀረጸ ቡሽ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ጩኸቱን አያጠፋም፤ በጊዜ ብዛትም ዘንጉን ራሱን ይበላል። ከጎማ ቆርጦ መሥራት ደግሞ የጥቂት ጊዜ ማስታገሻ ነው። የግድ ማስቀረጽ ካለብዎ ከናይለን ይሁን፤ ባለሙያው ልኩን የሚወስደው ከዘንጉ ያልተበላ ክፍል ይሁን እንጂ ቡሿ ከነበረችበት ቦታ አይሁን፤ የተበላውን ከለካ አዲሷ ቡሽ ዘንጉን አላሳልፍ ትላለች። እኛ ግን ፋብሪካ የሠራትን እንመርጣለን። የዚህ ሞዴል ምርት በሜክሲኮ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ስለቀጠለ ዕቃው ዛሬም ይሠራል፤ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያፈላልግልዎ ዘመድ ካለ፣ ቡሿ በፖስታ የምትገባ ትንሽ ነገር ስለሆነች ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው እጅ ልትደርስዎ ትችላለች። መጋጠሚያውንም አብረው ያስመጡ፤ ሁለት ጊዜ ከመፍታት ይድናሉ።

ሲገጥሙ የመጋጠሚያው ብሎን ሹል ጫፍ በዘንጉ ላይ ካለው ጎድጓዳ ስፍራ በትክክል መቀመጥ አለበት፤ ከጠበቀ በኋላም እንደ ቀድሞው በሽቦ ይታሰር። ይህ ብሎን መንገድ ላይ ቢወልቅ ሁሉም ማርሽ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲገጥምዎ አንሻም። የእጀታው መቀመጫ ቀዳዳዎች ሞላላ ስለሆኑ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው እጀታው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያጋድል ቀጥ ብሎ ሲቆም ያጥብቋቸው። የኋላውን ጨምሮ ሁሉንም ማርሽ በቆመ መኪና ይሞክሩ፤ ቀጥሎ በሜዳ፣ በመጨረሻም በዳገት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ እጀታው ጠንክሮ ሳለ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቁ ሁለተኛው ማርሽ አሁንም የሚዘል ከሆነ፣ በቅድሚያ ካምቢዮው የተቀመጠባቸው ጎማዎች እንዳልተቀደዱ ያሳዩ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ መካኒኩ ያሉት ትክክል ነው፤ ካምቢዮው ይውረድ።