«ሁለቱ ሳምንት የማን ነው?» እና ሌሎች የመውለጃ ቀን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ መውለጃ ቀን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠና ሰው ቤቱ ተከቶ ቀን ይቆጥራል መሰለኝ። ከአዋላጅነት ጡረታ ብወጣም ቁጥሩ አልተወኝም፤ እንግዲህ እንቁጠር።

ከመሐል ሜዳ። የመጨረሻ የወር አበባዋ የጀመረው ጥር 12 ነው። ስልኳ ላይ ያለው አፕ አንድ ቀን ነገራት፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ሌላ። «የቱን ልመን?» ትላለች።

ካርዱን። አፑ ጥፋት የለበትም። የሚሠራው ግን በፈረንጅ ቀን ነው። ወደዚያ ስትለውጪ አንድ ጊዜ፣ ወደዚህ ስትመልሺ ሌላ ጊዜ ትሳሳቻለሽ። ስሌቱ ቀላል ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ዕለት አንስቶ 280 ቀን ነው። የኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ 9 ወር ከ10 ቀን መጨመር ብቻ ነው። መስከረም 10 ያየች ሰኔ 20 ትጠብቃለች። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን አሥሩ ወደ 5 ይወርዳል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ወደ 4። ያንቺ ጥር 12 ዘጠኝ ወር ሲጨመርበት ጥቅምት 12፣ አምስት ሲታከልበት ጥቅምት 17 ይሆናል። የወር አበባሽ እየዘለለ የሚመጣ ከሆነ ግን ይህን ስሌት ብዙ አትመኚው፤ በጊዜ አልትራሳውንድ ተነሺ።

ከአንኮበር፣ አንድ መሪጌታ። «ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29፣ የተወለደው ታኅሣሥ 29፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። እናንተ አሥሩን ከየት አመጣችሁት?» ብለው ቆጣ ብለዋል።

አባቴ፣ መነሻችን ለየቅል ነው። እርስዎ ከፅንሰቱ ይቆጥራሉ፣ እኛ ከወር አበባው። ግን እርስዎ «አምስት ቀን» የሚሉት ራሷ ጳጉሜን አይደለችም? ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ልደትን 28 የምናከብረው ያቺ አምስት ቀን ስድስት እንዳትሆን ነው። በ2016 እንዲያ አክብረናል። አዋላጇም በዚያው ምክንያት ከአምስቱ አንድ ትቀንሳለች። ተማሪዎቼ ቀመሩን ሲረሱብኝ ገናን አስታውሱ እላቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ የረሳ የለም።

ከዓለም ከተማ፣ አንድ ባል። ደብዳቤው ረጅም ነው፤ ቁጣውም እንደዚያው። አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ይሠራል። አገር ቤት የገባው ለከተራ፣ ጥር 10 ነው። መጋቢት 15 ሚስቱ ጤና ጣቢያ ብትሄድ «11 ሳምንት ሆኖሻል» ተባለች። እሱ ከመጣ ደግሞ ገና 9 ሳምንት ነው። «ሁለቱ ሳምንት የማን ነው?» ይላል።

የማንም አይደለም፣ ወንድሜ። በእነዚያ ሁለት ሳምንት ማሕፀኗ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፅንሱ የተፈጠረበትን ዕለት እናትየዋም፣ ሐኪሙም በእርግጠኝነት አያውቁትም። የሚታየው የወር አበባ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከእሱ ይጀምራል። እንቁላሉ የሚወጣው ግን ወሩ በ28 ቀን ለሚመላለስባት ሴት ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ካርድ ላይ «11 ሳምንት» ሲባል ፅንሱ ራሱ 9 ሳምንቱ ነው። የትም አገር የሚቆጠረው እንዲሁ ነው።

ሚስትህ የወር አበባዋ የመጣው ታኅሣሥ 28፣ የአማኑኤል ዕለት መሆኑን ነግራቸዋለች። አንተው ጽፈኸዋል። ሁለት ሳምንት ጨምርበት፤ ጥር 12 ይመጣል። ቃና ዘገሊላ! ከመጣህ በሁለተኛው ቀን። እንዲህ ልክክ ያለ ስሌት ብዙም አላየሁም። ልጃችሁን ጥቅምት 3 አካባቢ ጠብቁ።

ይህን ያህል የጻፍኩት ለአንተ ብቻ ብዬ አይደለም። ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ሚስቱን ከወረፋ ጠርቶ ባሕር ዛፍ ሥር አቁሟት በጣቱ ሲቆጥር አይቻለሁ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ሄጄ ቆጠራውን አስረዳሁት፤ አመነኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም። አንተ ጠይቅ። አሁንም ካልተዋጠልህ ለሚቀጥለው ክትትል አብረሃት ሂድና አዋላጇን ጠይቅ።

«ወንድ ልጅ ሆድ ውስጥ አሥር ወር ይቆያል ይባላል።» አይቆይም። የሚቆየው ከተወለደ በኋላ ነው፤ እናቱ ቤት።

ከደብረ ሲና። በ10፣ በ22 እና በ34 ሳምንት አልትራሳውንድ ተነስታ ሦስት የተለያየ የመውለጃ ቀን ተሰጣት።

የመጀመሪያውን ያዢ። እስከ 13 ሳምንት ፅንስ ሁሉ እድገቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ስህተቱ ከሳምንት አያልፍም። እየቆየ ሲሄድ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። ያቺን የመጀመሪያ ወረቀት አጣጥፈሽ ካርዱ ውስጥ አስቀምጫት።

ከመንዝ። የመውለጃ ቀኗ ካለፈ 9 ቀን ሆኗታል። አማቷ «ሲደርስ ራሱ ይመጣል፣ ምን ያስቸኩላል» ይሏታል።

አማትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ልክ በተባለው ቀን የሚወልዱት ከሃያ አንድ ቢሆኑ ነው፤ ከ37 እስከ 42 ሳምንት መውለድ ያለ ነው። አንቺ ግን 41 አልፈሻል። ከዚህ በኋላ የእንግዴ ልጁ ይደክማል፣ የሕፃኑም አደጋ እየጨመረ ይሄዳል። ጠብቂ ወይስ ምጥ ይጀመርልሽ የሚለውን የሚወስኑት መርምረው ነው፣ እኔ በደብዳቤ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ሂጂ። ነገ ገበያ ነው፣ መኪና ይገኛል አትበይ። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የሽርት ውሃ ወይም ደም ከፈሰሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን እንዳታድሪ። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ አዋላጇ ታስረዳቸዋለች።

ቤታችሁ ከመንገድ የራቀ፣ ቁልቁለት ወርዳችሁ የምትኖሩ ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው ገብታችሁ እዚያ ጠብቁ።

«የወር አበባዬ የመጣው ጳጉሜን 3 ነው። ወር ስላልሆነች ትዘለላለች?» አትዘለልም። ጳጉሜን 5 ከሆነች ሰኔ 8፣ 6 ከሆነች ሰኔ 7።