ቡከር ዋሽንግተን ባንዳ ነበር? ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ወገኖች። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መሪዎች ክርክር ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አደራ፦ አንድ ሰው ምን አለ ከማለታችሁ በፊት መቼና የት ሆኖ እንዳለው ተመልከቱ።

ቤቲ፦ መምህር፣ ቡከር ዋሽንግተን ለነጮች ያደረ ባንዳ ነው ሲባል እሰማለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መምህር፦ ባንዳ አልነበረም። ቤቲ፣ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሰውየው በ1856 ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በ1881 አላባማ ሄዶ የተስኪጊን ትምህርት ቤት ከባዶ አቋቋመ። ሕንፃ የሚሠሩበትን ጡብ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይተኩሱ ነበር። ሦስቴ ተበላሸባቸው። ገንዘብ ሲያልቅ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ ለአራተኛ ጊዜ አስሞከረ፣ ተሳካ። በ1895 እኛ ዘንድ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩበት በዚያው መስከረም፣ አትላንታ ላይ ነጭና ጥቁር በተሰበሰበበት ቆሞ፣ በማኅበራዊ ኑሮ እንደ ጣቶች ተለያይተን ለጋራ ዕድገት ግን እንደ እጅ አንድ መሆን እንችላለን አለ። ሙያና ንብረት ይቅደም፣ መብቱ ቀስ ብሎ ይመጣል ነው ነገሩ። ሁሉም የሚያውቀው ይህን ነው። የማይወራው የኪሱ ጉዳይ ነው። አላባማ በ1901 አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥታ ጥቁሮችን ከምርጫ አስወጣች፤ ዕድሜያቸው ለመምረጥ ከደረሰ ከ180 ሺህ በላይ ጥቁር ወንዶች መካከል መዝገብ ላይ የቀሩት 3 ሺህ ገደማ ናቸው። ጃክሰን ጋይልስ የሚባል የሞንትጎምሪ ሰው ከሰሰ። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1903 ውድቅ ሆነ። ወጪውን በድብቅ የሸፈነው ዋሽንግተን ነው። ነገሩ እንዳይታወቅ ጸሐፊውና ጠበቃው የሚጻጻፉት በሐሰት ስም ነበር።

ዳዊት፦ ታዲያ ጥቁሩ ምሁር ዱ ቦይስ ዋሽንግተንን ለምን ተቃወመው?

መምህር፦ መጀመሪያ አልተቃወመውም። ለአትላንታው ንግግር እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል። በ1899 ግን ጆርጂያ ውስጥ ሳም ሆዝ የሚባል ጥቁር የነጮች መንጋ አቃጥሎ ገደለው። ዱ ቦይስ ያኔ አትላንታ ያስተምራል። ለጋዜጣ የጻፈውን ይዞ ሲሄድ፣ የሟቹ የጣት አንጓዎች እዚያው መንገድ ላይ ባለ ሱቅ ለእይታ እንደተቀመጡ ሰማ። ከመንገዱ ተመለሰ። ጥናትና ማስረጃ ብቻውን እንደማይበቃ የገባው ያኔ ነው። በ1903 ዋሽንግተንን በጽሑፍ ሞገተ፦ ድምፅ የሌለው ሰው ያፈራውን ንብረት በምን ይጠብቃል? እዚህ ላይ እኔም ከዱ ቦይስ ጋር ነኝ።

ሰሎሞን፦ ማርቲን ሉተር ኪንግ ይሻላል ማልኮም ኤክስ?

መምህር፦ «ይሻላል» ብላችሁ አትጠይቁኝ። የት? መቼ? ለየትኛው ጉዳይ? ሁለቱ ፊት ለፊት የተገናኙት አንዴ ብቻ ነው፣ ማርች 1964፣ ዋሽንግተን ዲሲ ከተማ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ሌላውን አጥርተህ ጠይቀኝ።

ተስፋዬ፦ ማርከስ ጋርቬይ ተረሳ እኮ! የእኛ ወዳጅ። የመሠረተው የጥቁሮች ድርጅት መዝሙር ራሱ ስለ ኢትዮጵያ ነው።

ሃና፦ ወዳጅ? ጃንሆይ በ1936 ሲሰደዱ ምን ብሎ እንደጻፈባቸው አንብበሃል?

ተስፋዬ፦ ንጉሡን መተቸት አገር መጥላት አይደለም።

ሃና፦ አገር ተወርራ ባለችበት ሰዓት?

ቢኒ፦ ሁለታችሁም ተዉት። በ1935 መጥቶ አየር ኃይላችንን የመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ሙያ የተማረው ተስኪጊ ነው። የዋሽንግተን ትምህርት ቤት ለእኛም ተርፏል።

መምህር፦ ቢኒ ጥሩ አነሳህ። ሃና እና ተስፋዬ፣ በጃንሆይ ጉዳይ አልገባም። ስለ ጋርቬይ ባጭሩ፦ ከጃማይካ በ1916 አሜሪካ ገባ፣ በ1919 የመርከብ ኩባንያ አቋቋመ፣ በማጭበርበር ተፈርዶበት በ1927 ተባረረ። ከዱ ቦይስ ጋር ክፉኛ ተሰዳድበዋል። ዋሽንግተንን ግን ያደንቅ ነበር።

ሮቤል፦ ስለዚህ ዋሽንግተን ባንዳ ነው ማለት ነው?

መምህር፦ ሮቤል፣ ከላይ ያለውን አንብብ! የመጀመሪያው ጥያቄ እኮ ይሄው ነው። መውቀስ ከፈለግህ በእውነተኛው ነገር ውቀሰው። የሚተቹትን ጥቁሮች በሰላይ ያስከታትል ነበር፣ ጋዜጦችን በገንዘብ ይይዝ ነበር። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ነጮቹን ለመክሰስ ኪሱን በድብቅ የፈታ ሰው የገዛ ወገኑን አፍ ለመዝጋትም ፈታው።

ዳዊት፦ ዱ ቦይስስ እስከ መጨረሻው አቋሙን ያዘ?

መምህር፦ አልያዘም። መለያየትን ሲቃወም ኖሮ በ1934 ጥቁሮች የራሳቸውን ተቋም ለብቻ ይገንቡ ብሎ በመጻፉ፣ ሲመሠረት ከነበረበት የጥቁሮች መብት ማኅበር ከኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ጋር ተጣልቶ ወጣ። ዓመቱን እዩ፣ የኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ነው። ለዚህ ነው መቼ ብላችሁ ጠይቁ የምለው።

ቤቲ፦ ሴት የለችም እንዴ መምህር?

መምህር፦ አለች እንጂ፣ ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ ዌልስ። በ1892 ሜምፊስ ውስጥ ሦስት ባለሱቆች ያለ ፍርድ ሲገደሉ ጽፋ አጋለጠች፣ ሕዝቡ ከተማውን ጥሎ እንዲወጣ መከረች፣ ማተሚያዋን ሰባበሩባት። ከሟቾቹ አንዱ የቅርብ ጓደኛዋ ነበር። ባለሱቅ ነው፣ ሠርቶ ያገኘ ሰው። ሙያና ንብረት ያድናችኋል ለሚለው ምክር ከሷ የበለጠ የሚመልስ የለም። ስለ እሷ ብቻ ሌላ ቀን እንቀጥላለን። ጥያቄያችሁን ከነዓመቱ አዘጋጁ።